ልዑል ሩስፖሊና ስሙን ይዛ የቀረችው ወፍ

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ሲሉ አበው ተርተዋል። ነገር ግን ስም የሚውልበት ስፍራ እንደ ሰዉ ዕድል ልዩ ልዩ ነው። የአንዱ ስም በመጽሐፍ ላይ ይውላል፤ የሌላው በሐውልት፣ የሌላውም በመንገድ ወይም በትምህርት ቤት ላይ ይውላል። ዛሬ የሕይወቱን ታሪክ ለአንባቢዎቻችን የምናቀርብለት ሰው ስም ግን አስቀድሞ በአንድ ሐይቅ ላይ ተጻፈ፤ ኋላ ከሐይቁ ላይ ተፋቀና በአንዲት ወፍ ላይ ቀረ። ሐይቁ የኛው ጫሞ ነው። ወፊቱም በደቡብ ኢትዮጵያ የጥድ ደኖች ውስጥ የምትኖር፣ ከአገራችን በቀር በዓለም ላይ በሌላ ቦታ የማትገኝ ናት። ሰውዬው ኢጣሊያዊው ልዑል ኤውጄንዮ ሩስፖሊ ነው።

ወደ ሰውዬው ታሪክ ከመግባታችን በፊት፣ ጫሞን በዓይኑ ላላየ አንባቢ ስለ ስፍራው ጥቂት መናገር ይገባል። ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አርባ ምንጭ የደረሰ መንገደኛ፣ በላይኛው ከተማ በሴቻ ጫፍ ላይ ቆሞ ወደ ምሥራቅ ቢመለከት ሁለት ሐይቆች ጎን ለጎን ተዘርግተው ያያል። በስተ ግራው ያለው አባያ ነው፤ ወንዞች የሚያወርዱለት ደለል ስለማይጠልልለት ውሃው ቀላ ይላል። በስተ ቀኙ ያለው ጫሞ ሲሆን እሱ ከአባያ ያነሰ፣ ነገር ግን ጠራ ያለ ውሃ አለው። በሁለቱ መካከል የተጋደመውን ጉብታ ሕዝቡ የእግዜር ድልድይ ብሎ ሰይሞታል። ከድልድዩ ወዲያ ማዶ ደግሞ ሣሩ ሲደርቅ የሚነጣው ሜዳ አለ፤ ነጭ ሣር የሚለውን ስም የተቀበለውም ከዚሁ የተነሣ ነው።

በዚህ አገር እያንዳንዱ የወፍ ወገን የራሱ ቤት አለው። በጫሞ ውሃ ላይ በመንቃሩ ሥር ከረጢት ያንጠለጠለው ነጩ ፔሊካን በመንጋ ይንሳፈፋል፤ ዓሣ በል ንስር በዳር ካለው ዛፍ ላይ ሆኖ ይጮኻል፤ አባ ኮዳም ዓሣ አስጋሪዎች የሚጥሉትን ትርፍራፊ ይጠባበቃል። ከከተማው ሥር፣ አርባዎቹ ምንጮች ከሚፈልቁበት ስፍራ፣ ሥሩ ከከርሰ ምድር ውሃ የሚጠጣ ጥቅጥቅ ያለ ደን አለ፤ በዚያ የሾላና የወርካ ፍሬ የሚለቅሙ ትላልቅ መንቃር ያላቸው ወፎች ይኖራሉ። በነጭ ሣር ሜዳ ላይ ደግሞ እርኩም እንደ ሽማግሌ ቀስ እያለ ይራመዳል፤ ከሚበሩት ወፎች ሁሉ በክብደት ከፊተኞቹ የሚቈጠረው ኮሪ ባስታርድም በዚያው ይውላል። ወደ ጋሞ ደጋ፣ ወደ ጨንቻና ወደ ዶርዜ ቀርከሃ የወጣ ሰው ደግሞ ጋጋኖን ያገኛል። የሜዳው ወፍ ደን አይገባም፤ የደኑም ወፍ ሜዳ አይወርድም። ስለዚህ የወፍን ነገር የሚያጠና ሰው ወፊቱ ማን ናት ከማለቱ ጋራ የት ትኖራለች ብሎ መጠየቅ አለበት። ይህን ነገር አንባቢያችን በልቡ እንዲይዝልን እንለምናለን፤ የልዑል ሩስፖሊ ታሪክ የሚያዞረው በዚሁ በአንዲት ቃል፣ የት በምትለው ላይ ነውና።

ትውልዱና አስተዳደጉ

ኤውጄንዮ ሩስፖሊ በ1858 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1866) በሩማንያ አገር ተወለደ። አባቱ ኤማኑኤሌ ሩስፖሊ ከሮማ ታላላቅ መሳፍንት ቤቶች አንዱ የሚወለድ ሲሆን፣ ለኢጣሊያ አንድነት ከተዋጉት መኳንንት ወገን ነበረ፤ ኋላም የሮማ ከተማ ከንቲባ ለመሆን በቅቷል። እናቱ ካተሪና ኮናኪ የታወቀው የሞልዳቪያ ባለቅኔ የኮስታኬ ኮናኪ ልጅ ነበረች። ስለ እርስዋ የሩማንያ ታሪክ አንድ ትልቅ ነገር ይተርካል። ከኤማኑኤሌ በፊት ያገባችው ሰው የሞልዳቪያ ገዥ ነበረ። እሱ በእ.ኤ.አ. 1857 የሞልዳቪያንና የቫላኪያን አንድነት ለማሰናከል የሕዝቡን ምርጫ ሲያጭበረብር፣ ምሥጢሩን የያዙት ደብዳቤዎች ወጥተው ለዓለም ተገለጡ፤ ምርጫውም ፈረሰ። ደብዳቤዎቹን ያወጣችው ራሷ ሚስቱ ናት ተብሎ ይነገርላታል። ሁለቱ ግዛቶች አንድ ሆነው ዛሬ ሩማንያ ለምትባለው አገር መሠረት የሆኑት ከሁለት ዓመት በኋላ ነው።

እንዲህ ያለችው እናት እ.ኤ.አ. በ1870 ስትሞት ኤውጄንዮ ገና የአራት ዓመት ልጅ ነበረ። ያደገው በአባቱ ወገን፣ አዲስ በተሠራችው የኢጣሊያ መንግሥት ውስጥ ነው። የመሳፍንት ልጅ ስለ ነበረ እንጀራ ፍለጋ አያስጨንቀውም። ዳሩ ግን በዚያን ዘመን ለነበሩ የአውሮፓ ወጣቶች ከሀብት ይልቅ የሚያጓጓ አንድ ነገር ነበረ። እሱም በካርታ ላይ ነጭ ሆኖ የቀረውን የአፍሪካን ክፍል ሄዶ ማየት ነው።

ያ ነጭ ቦታ ለአውሮፓውያን ነጭ ይሁን እንጂ፣ በውስጡ ለሚኖረው ሕዝብ ወንዙም ተራራውም ሐይቁም ስም ነበረው። ቦረናው ጕድጓዶቹን በስም ያውቃል፤ የጋሞው ሰው ተራራውንና የተቀደሰውን ደን ለይቶ ይጠራል። በካርታው ላይ ያልነበረው የሰዉ ዕውቀት ሳይሆን የካርታ ሠሪው ዕውቀት ነበረ። በዚያን ጊዜ የአውሮፓ ሊቃውንት በብርቱ የሚከራከሩበት አንዱ ነገር የኦሞ ወንዝ መድረሻ ነው። አንዳንዶቹ ወደ ጁባ ይገባል ሲሉ፣ ሌሎቹ እ.ኤ.አ. በ1888 ሁለት አውሮፓውያን ደርሰውበት ሩዶልፍ ብለው ወደ ሰየሙት ሐይቅ፣ ዛሬ ቱርካና ወደሚባለው ይወርዳል ይሉ ነበር። ይህን ቋጠሮ የሚፈታ ሰው ስሙ በአውሮፓ ሁሉ እንደሚጠራ የታወቀ ነው።

ወደ አፍሪካ የመጣበት መንገድ

ሩስፖሊ እ.ኤ.አ. በ1891፣ በ25 ዓመቱ፣ ከበርበራ ወደብ ተነሥቶ በሱማሌ ምድር የመጀመሪያውን ጉዞ አደረገ። ይህ ጉዞ የሙከራ ያህል ነበረ፤ የአገሩን ሙቀት፣ የግመሉን ጕዞና የውሃውን ጥማት ቀመሰበት። አገሩ ተመልሶ ብዙም ሳይቀመጥ ለሁለተኛውና ለትልቁ ጉዞ ተሰናዳ። እ.ኤ.አ. በ1892 መጨረሻ እንደገና ከበርበራ ተነሣ። አብረውት ከሄዱት አውሮፓውያን አንዱ ዕፀዋትን የሚያጠናው ዶሜኒኮ ሪቫ ነበረ። ተሸካሚዎች፣ ጠባቂዎችና ግመል ነጂዎችም ነበሩ። የእነዚህ ስም በአውሮፓ መጻሕፍት ውስጥ እምብዛም አይገኝም፤ ነገር ግን ያለ እነሱ ጉልበት አንድም ሣጥን ከቦታው እንደማይነሣ አንባቢ ይረዳዋል።

በዚያው ዓመት ሌላ ኢጣሊያዊ፣ ሻምበል ቪቶሪዮ ቦቴጎ፣ ከሩስፖሊ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ከዚያው ከበርበራ ተነሥቶ ነበረ። የቦቴጎ ዓላማ የጁባን ወንዝ ምንጭ መፈለግ ነው። ሁለቱ ሰዎች በአንድ አገር ላይ፣ በአንድ ወቅት፣ ለአንድ ዓይነት ክብር የሚሽቀዳደሙ ሆኑ።

ዘመኑ ለኢትዮጵያና ለኢጣሊያ መልካም ዘመን አልነበረም። የውጫሌ ውል ያመጣው ጠብ እየከረረ ሄዶ፣ ዳግማዊ ምኒልክ ውሉን መሻራቸውን እ.ኤ.አ. በ1893 መጀመሪያ ለአውሮፓ መንግሥታት አስታውቀው ነበር። ሩስፖሊ ወፍና አበባ የሚሰበስብ ሰው ቢሆንም የሚጓዘው ከታጠቀ ጓድ ጋራ ነው፤ ያየውን ወንዝና የተሻገረውን መልካ የሚጽፍበት ካርታም ነገ ለጦር ሠራዊት መንገድ መሪ ሊሆን የሚችል ነበረ። በዚያ ዘመን ዕውቀት ፍለጋና ግዛት ፍለጋ በአንድ ግመል ላይ ተጭነው ይሄዱ እንደ ነበረ መዘንጋት የለበትም። ይህን ስንል የወጣቱን ድፍረትና ትጋት ለመካድ አይደለም፤ ሁለቱንም በየሚዛናቸው ለማስቀመጥ ነው።

ጓዙ ኦጋዴንን አቋርጦ፣ የዋቢ ሸበሌንና የገናሌን ወንዞች አገር አልፎ በጁባ ዳር ወዳለችው ወደ ሉቅ ደረሰ። ከዚያም የዳዋን ወንዝ ይዞ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ቦረና ምድር ዘለቀ። በየሰፈሩ ሪቫ ቅጠልና አበባ በወረቀት መካከል ያደርቃል፤ ልዑሉም አራዊትን፣ ነፍሳትንና ወፎችን ይሰበስባል። የተያዘችው ወፍ ሥጋዋ ወጥቶ ቆዳዋ ከነላባዋ ይደርቅና በሣጥን ውስጥ ትቀመጣለች። በልማድ በእግሯ ላይ አንዲት ትንሽ ወረቀት ይታሰራል፤ በወረቀቷም ላይ የት ተያዘች፣ መቼ ተያዘች፣ ማን ያዛት የሚለው ይጻፋል። ይህች ወረቀት ከቆዳው ይልቅ ትከብራለች ቢባል ማጋነን አይሆንም።

አሟሟቱ

ጓዙ በ1886 ዓ.ም. መጀመሪያ ከቦረና አልፎ ከጫሞ ሐይቅ በስተ ደቡብ ምሥራቅ ወዳለው ወደ ቡርጂ አገር ደረሰ። የኦሞ ወንዝ ከዚህ በኋላ ሩቅ አልነበረም፤ ለሁለት ዓመት ያለመው ነገር በእጁ የገባ ያህል ነበረ። አገሩ በዚያን ጊዜ ዝሆን የሞላበት ነው። የዝሆን ጥርስ በገበያ እጅግ የተወደደበት፣ ዝሆን መግደልም ለአውሮፓዊውም ለአገሬውም ሰው የጀግንነት ምልክት የሆነበት ዘመን ነበረ። በዚያው ዓመት በኅዳር ወር፣ በእ.ኤ.አ. አቈጣጠር ዲሴምበር 4 ቀን 1893፣ ልዑል ሩስፖሊ በአደን ላይ ሳለ ዝሆን ገደለው። ዕድሜው 27 ዓመት ነበረ።

ይህን የሚጽፈው ሰው በዚያው የዕድሜ ክልል ያለ ስለ ሆነ፣ በዚህች ቁጥር ላይ ጥቂት ሳይቆም ማለፍ አልቻለም። በ27 ዓመት ሰው ገና ሥራውን የሚጀምርበት እንጂ ያልጨረሰውን ለሌላ ትቶ የሚሄድበት ዕድሜ አይደለም። ሩስፖሊ ግን ብዙ ነገር በራሱ ውስጥ ይዞ ሄደ። ሣጥኖቹ ሙሉ ነበሩ፤ የሣጥኖቹ ነገር ግን ከፊሉ በወረቀት ላይ ሳይሆን በልዑሉ ራስ ውስጥ ነበረ።

ሪቫና ሌሎቹ ጓደኞቹ ስብስቡን ይዘው ወደ ጠረፍ ተመለሱ፤ ከዚያም ወደ ኢጣሊያ ተሻገረ። ሊቃውንትም ሣጥኖቹን ከፍተው እየመረመሩ ስም ያወጡ ጀመር። ሪቫ ካደረቃቸው ዕፀዋት አንዱ በኦጋዴንና በቦረና በረሓ የሚበቅል የዕጣን ዛፍ ነው፤ እስከ ዛሬ በሳይንስ ስሙ በሪቫ ይጠራል። አንድ የጀርመን የዕፀዋት ሊቅ ደግሞ ለአንድ የአበባ ወገን ሩስፖልያ የሚል ስም ሰጠ። እ.ኤ.አ. በ1898 አንድ የፌንጣ ወገንም በዚያው ስም ተጠራ። ከዚህ የፌንጣ ወገን አንደኛው በኡጋንዳ ሰዎች ዘንድ በወቅቱ እየተለቀመ፣ እየተጠበሰ የሚበላ የታወቀ ምግብ ነው። ወቅቱን ጠብቆ ያን ፌንጣ የሚቈረጥመው የካምፓላ ሰው፣ በቡርጂ ዝሆን የገደለውን የሮማ ልዑል ስም በአፉ እንደያዘ ምናልባት አያውቅም።

ቦታ የሌላት ወፍ

ከሣጥኖቹ በአንዱ ውስጥ አንዲት እጅግ የተዋበች ወፍ ነበረች። ቶማሶ ሳልቫዶሪ የተባለው በቱሪን ሙዚየም የነበረ የወፍ ሊቅ መረመራት። ወገንዋ በሳይንስ ቱራኮ የሚባለው፣ በኛ አገር ደጋ ሶሪት ተብላ የምትታወቀው ወፍ ዘመድ ነው። ነገር ግን ሳልቫዶሪ ከሚያውቃቸው ቱራኮዎች ሁሉ ትለያለች። የኛይቱ ሶሪት በራሷ ላይ ያለው ጉትያ ጥቁር ሰማያዊ ሲሆን ጉንጯ ላይ ነጭ ምልክት አላት፤ ይህች አዲሲቱ ግን ጉትያዋ ራሱ ነጭ ነው። በዓይኗ ዙሪያ ቀይ ቀለበት አለ፤ ሰውነቷ አረንጓዴ፣ ጭራዋ ሰማያዊ፣ ክንፏ ስትዘረጋው እንደ ደም የቀላ ነው። ሳልቫዶሪ እ.ኤ.አ. በ1896 በጄኖቫ ሙዚየም መጽሔት ላይ ስለ እርስዋ ጽፎ፣ ለሟቹ ልዑል መታሰቢያ በስሙ ሰየማት።

እ.ኤ.አ. 1896 ማለት በኛ አቈጣጠር 1888 ዓ.ም. ያለበት ዓመት ነው። በዚያው ዓመት የካቲት 23 ቀን በዓድዋ የሆነውን ለአንባቢያችን መንገር አያስፈልግም። የኢጣሊያ ሠራዊት ድል በሆነበት ዓመት፣ በኢጣሊያ ሙዚየም ውስጥ አንዲት የኢትዮጵያ ወፍ በአንድ ኢጣሊያዊ ስም ተጠመቀች። የታሪክ አጋጣሚ እንዲህ ነው።

ሆኖም ሳልቫዶሪ አንድ ነገር ቸገረው። ወፊቱ የት እንደ ተያዘች የሚነግረው ጽሑፍ አልነበረም። ልዑሉ ከበርበራ እስከ ቡርጂ አንድ ዓመት ሙሉ የተጓዘ ሰው ነው፤ ከዚያ ሁሉ በረሓ፣ ወንዝና ተራራ መካከል ወፊቱ ከየትኛው ዛፍ ላይ እንደ ወረደች ሊናገር የሚችለው እሱ ብቻ ነበረ፤ እሱም በቡርጂ አፈር ውስጥ ነው። ስለዚህ ወፊቱ ስም እያላት አገር የሌላት ሆነች። የሙዚየም ሰዎች ቆዳዋን ያያሉ፤ ሕያዋን ዘመዶቿን ግን ለማየት ወዴት እንደሚሄዱ አያውቁም ነበር። ይህ ነገር ሃምሳ ዓመት ያህል እንዲሁ ቆየ።

በሐይቅ ላይ የተጻፈው ስም

ወፊቱ ቦታዋን አጥታ ሳለች፣ የልዑሉ ስም ደግሞ ባለቤት ባለው ቦታ ላይ ተጻፈ። ቦቴጎ ለሁለተኛ ጊዜ ወደ አገራችን መጥቶ እ.ኤ.አ. በ1896 ወደ አባያና ወደ ጫሞ ደረሰ። አባያንም በኢጣሊያ ንግሥት ስም ማርገሪታ ብሎ ሰየመው። ጫሞም በኢጣሊያኖች ካርታ ላይ የሩስፖሊ ሐይቅ ተባለ። ቦቴጎ ከዚያ ወደ ኦሞ ወርዶ ወንዙ ወደ ሩዶልፍ ሐይቅ እንደሚገባ አረጋገጠ፤ ሩስፖሊ ያለመውን ነገር እሱ ፈጸመው። ነገር ግን እሱም ለአገሩ አልበቃም፤ በ1889 ዓ.ም. መጋቢት ወር በወለጋ፣ በጊዳሚ አቅራቢያ በውጊያ ሞተ።

ቦቴጎ ስም ማውጣት ይወድ ነበረ። በመጀመሪያው ጉዞው ገናሌን የጄኖቫን ሙዚየም ባቋቋመው በጃኮሞ ዶርያ ስም ገናሌ ዶርያ አለው፤ የዋቢ ወገን የሆነውንም አንዱን ወንዝ በዚያው ሙዚየም ሊቅ በጄስትሮ ስም ጠራው። እነዚህ ሁለት ስሞች ከአገሬው ስም ጋራ ተጣብቀው በካርታ ላይ እስከ ዛሬ ይታያሉ። በሐይቆቹ ላይ የተጻፉት ስሞች ግን እንዲህ አልጸኑም። በውጭ አገር ካርታዎች ላይ ብዙ ዓመት ቢቆዩም፣ በሐይቁ ዳር የሚኖረው ሕዝብ አንድ ቀን እንኳ ማርገሪታ ወይም ሩስፖሊ ብሎ ጠርቷቸው አያውቅም። ታንኳ ቀዛፊው ጫሞን ጫሞ ይለዋል፤ ልጁንም እንዲሁ ያስተምረዋል። ዘመን ሲያልፍ ካርታው ራሱን ለሕዝቡ ቃል አስገዛ። ዛሬ የሩስፖሊን ሐይቅ የሚፈልግ ሰው ከአሮጌ መጻሕፍት በቀር አያገኘውም።

የወፊቱ አገር ተገኘ

እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጀመሪያ፣ ኢጣሊያ ከአገራችን በተባረረችበት ጊዜ፣ ከእንግሊዝ ጦር ጋራ ወደ ደቡብ ኢትዮጵያ የመጣ ቤንሰን የሚባል የወፍ ተመራማሪ ነበረ። ይህ ሰው ከወታደርነቱ ሥራ ጋራ የወፍን ነገር አልተወም። በቦረና፣ በዓሬሮ ጥድ ደን ውስጥ ያችን ነጭ ጉትያ ያላት ወፍ ከነሕይወቷ አገኛት። ከዚያ በኋላ በነገሌ ቦረና፣ በዋደራና በገናሌ ሸለቆ አካባቢም ታየች። ከጫሞ ወደ ምሥራቅ ብዙ መንገድ ይርቃል። እንግዲህ ሩስፖሊ ወፊቱን የያዛት ከሞተበት ከቡርጂ ወዲያ፣ በመንገዱ ላይ ባለፈበት የጥድ አገር ሳይሆን አይቀርም።

የዓሬሮ ሰው ግን ወፊቱ ጠፍታ ሃምሳ ዓመት መቆየቷን ቢሰማ ምን ይል ነበር? ለእርሱ አንድ ቀንም አልጠፋችም። በየማለዳው በጥዱ ላይ ስትሮጥና ስትጮህ ይሰማታል። የጠፋው የሙዚየሙ ወረቀት ነው።

ስለዚህች ወፍ አኗኗር የታወቀውን በአጭሩ እንናገር። የምትኖረው ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,200 ሜትር ከፍ ባለ፣ ደጋም ቆላም ባልሆነ አገር፣ በሐበሻ ጥድ ደንና በደኑ ዳር ባለው ቁጥቋጦ ውስጥ ነው። በሸለቆ ያሉትን የሾላና የወርካ ዛፎችም ትፈልጋለች። ምግቧ ፍሬ ነው፤ የጥዱን ፍሬ ትበላለች፣ ዘሩንም በሌላ ቦታ ትጥለዋለች። ስለዚህ ደኑ እርስዋን ሲመግብ እርስዋ ደግሞ ደኑን ትተክላለች ማለት ነው። ሩቅ መብረር አትወድም፤ ከዛፍ ወደ ዛፍ ትንሸራተታለች፤ በቅርንጫፍ ላይ ግን እንደ ሽኮኮ ትሮጣለች። የክንፏ ቅላት ከሌሎች ወፎች ቅላት ይለያል፤ የቱራኮ ወገን ቀይ ቀለም በውስጡ መዳብ እንዳለው የኬሚስትሪ ሊቃውንት አረጋግጠዋል። መዳቡንም ከምትበላው ፍሬ ታገኘዋለች።

መኖሪያዋ ጠባብ ስለ ሆነ አደጋዋ ብዙ ነው። ጥድ ለቤት ምሰሶ፣ ለአጥርና ለማገዶ ይቈረጣል። ደኑ ለእርሻ ይመነጠራል፤ በበጋም እሳት ይነሣበታል። ሌላም ረቂቅ አደጋ አለ። ደኑ ሲሳሳና አገሩ ሲለወጥ፣ የደጋይቱ ሶሪት ወደ እርስዋ ወሰን ትመጣለች፤ ሁለቱ በሚገናኙበት ቦታ ተዳቅለው ታይተዋል። እንዲህ እየሆነ ከቀጠለ ነጩ ጉትያ ቀስ በቀስ ሊጠፋ ይችላል።

የክንፊቱ ነገር

የሩስፖሊ ታሪክ የሚመስል ሌላ ነገር በኛው ዘመን በጫሞ ዳር ደርሷል። በ1966 ዓ.ም. የነጭ ሣር ብሔራዊ ፓርክ በሁለቱ ሐይቆች መካከልና ዙሪያ ተቋቋመ። እ.ኤ.አ. በ1990 ከእንግሊዝ አገር ከካምብሪጅ የመጡ ተመራማሪዎች የፓርኩን እንስሳት ሲቈጥሩ፣ በነጭ ሣር ሜዳ በመኪና መንገድ ላይ አንዲት የሞተች ወፍ አገኙ። ወገንዋ በእንግሊዝኛ ናይትጃር የሚባለው፣ ቀን በመሬት ላይ ተኝቶ ማታ ነፍሳት የሚያድን ወፍ ነው። ገላዋ ስለ ተበላሸ የተረፈው አንድ ክንፍ ብቻ ነበረ። ክንፉ ከታወቁት ሁሉ ስለ ተለየባቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1995 አዲስ ዓይነት ናት ብለው ጻፉ፤ የሳይንስ ስሟንም በላቲን አንድ ክንፍ ብቻ በሚል ቃል ሰየሙት። ስለ ማንነቷ ሊቃውንት ከዚያ ወዲህም ሲመራመሩ ኖረዋል።

አንባቢ ሁለቱን ያስተያይ። የሩስፖሊ ወፍ ሙሉ ገላ ነበራት፤ ቦታ ግን አልነበራትም፤ ስለዚህ ሃምሳ ዓመት ተሰወረች። የነጭ ሣሯ ወፍ ገላ የላትም፤ ነገር ግን የተገኘችበት ሜዳ፣ የተገኘችበት ወርና ዓመት ተጽፏል፤ ስለዚህ የሚፈልጋት ሁሉ ወዴት እንደሚሄድ ያውቃል። ከሙሉ ገላ ይልቅ በሚገባ የተጻፈ አንድ ክንፍ ለዕውቀት ይበልጥ ይጠቅማል ማለት ነው።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው

ልዑል ሩስፖሊ ክፉ ሰው ነበረ ብሎ ለመፍረድ፣ ወይም ታላቅ ጀግና ነበረ ብሎ ለማወደስ ይህን አልጻፍንም። የዘመኑ ልጅ ነበረ፤ የዘመኑ ክብርና የዘመኑ ስሕተት ሁለቱም ነበሩበት። ታሪኩ ለኛ የሚጠቅመን በሁለት ነገር ነው።

አንደኛው ስለ መጻፍ ነው። በአገራችን ከ850 በላይ የወፍ ዓይነት እንዳለ ይታወቃል፤ በነጭ ሣር ፓርክ ብቻ ከ300 የሚበልጡ ተመዝግበዋል። ይህን ሁሉ በየቦታው የሚያይ የአገሩ ሰው ነው። እረኛው የትኛይቱ ወፍ በየትኛው ዛፍ ላይ እንደምትሠፍር፣ ዓሣ አስጋሪውም ፔሊካን መቼ እንደሚበዛና መቼ እንደሚያንስ ያውቃል። ነገር ግን ያልተጻፈ ዕውቀት የሩስፖሊን ዕውቀት ይመስላል፤ ባለቤቱ ሲሞት አብሮት ይቀበራል። በየትምህርት ቤቱ ያለ መምህር ልጆቹ በአካባቢያቸው ያሉትን ወፎች በሚናገሩት ቋንቋ ስም፣ ከታዩበት ቦታና ቀን ጋራ በደብተር እንዲጽፉ ቢያደርግ፣ ይህ ቀላል ሥራ ኋላ ለሚመጣው ትልቅ ሀብት ይሆናል።

ሁለተኛው ስለ ቦታው ነው። ወፍን መጠበቅ ማለት ቤቷን መጠበቅ ማለት ነው። የአርባ ምንጭ ሰው በጫሞ ዓሣው እየሳሳ መሄዱን፣ ከከተማው ሥር ያለው ደን ለማገዶ መቈረጡን፣ በአባያ ላይ እምቦጭ መታየቱን ያውቃል። ዓሣው ሲያልቅ ንስሩ ይሄዳል፤ ሾላው ሲወድቅ ፍሬ ለቃሚው ይሰደዳል። ማገዶ የሚቈርጠው ሰውም ልጆቹን ለማብላት እንጂ ወፍ ጠልቶ አይደለም፤ ስለዚህ ሌላ ማገዶና ሌላ እንጀራ ሳይገኝለት ደኑን ተው ብሎ መገሠጽ ብቻውን አይበቃም።

ጫሞ በሰው ስም ሳይሸነፍ የራሱን ስም ይዞ ኖሯል፤ ሕዝቡ ጠብቆለታልና። ነጭ ጉትያዋ ወፍ ግን ስሟን የሚጠብቅላት መጽሐፍ ብቻ ሲሆን፣ ራስዋን የሚጠብቅላት ጥዱ ነው። በመጀመሪያ ወፊቱ በእጅ እያለች ቦታዋ ጠፍቶ ነበር። አሁን ቦታዋ ታውቋል፤ እንግዲህ ቦታውን እያወቅን ወፊቱ እንዳትጠፋብን ያስፈልጋል።